ማሳ የበላው እሳት

ሐምሌ ነው፤ ማታ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል።
ከፒያሳ ቁልቁል
ሦስት ሰው ጭኜ ስወርድ፣ ካፊያው ሲያረሰርስ፣
ላዳዬ አንዴ ሳለች፤ ቀጥ አለች፣ ልክ እታች ስንደርስ።
ቁልፉን ባዞረው ሞተሪኖው ጮኸ፤ እሪ አለ፣ እሪ አለ፣
የሚሰማው ሞተር፣ የሚመልስለት፣ አንድም ድምፅ የለ።
የቆምንበት ሰፈር ስሙ እሪ በከንቱ፣
ይቺኑ ላዳ አይተው ነው የሰየሙቱ።
ተሳፋሪ ወረደ። አንዷ ሂሳቧን በመስኮት ወርውራ፣
ሁለቱ ዝናቡን ሰበብ አድርገው፣ ዝም ብለው፣ በየተራ።

በዚህ ክረምት ብቻ አራተኛ ጊዜዋ፣
ጋራዥ ስትደርስ ግን ይመለሳል ጤናዋ፤
ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ባንድ ቁልፍ ትነሳለች፣
እኔ ውሸታም ሆኜ፣ እሷ ትመሰገናለች።
አንዱ ካንዴላ ቀየረ። አንዱ ካርቡራተር አጠበ።
አንዱ ቦቢናዋ ናት ብሎ ሶማሌ ተራ ላከኝ፤ ኪሴ ታለበ።
አሮጌዋን ፈቶ እጄ ላይ ጣላት፣
እኔም ከወንበሬ ሥር፣ ተናድጄ፣ ወረወርኳት።

ሽታዬ መጣች፣ ራሷ ላይ ፌስታል፣ በቱታ፣
ጋራዧ ሠራተኛ ሰፈር ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ቦታ።
በእጇ የፍሬቻ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደላት፣
ሌላ መሣሪያ የላት።
ረዳቷን ከድርን ቁልፉ ላይ አስቀመጠች፣
ኮፈኑን ሳትከፍት መጀመሪያ ጠየቀች፦
«ስትጠፋ እያነከሰች ከሆነ ነዳጅ ነው፤ ቀጥ ካለች መብራት።
ደግሞስ ሲሞቅ ነው ሲዘንብ?» «ሲዘንብ» አልኳት።
«እንግዲያው ውሃው የሚያውቃት፣ እኛ የማናውቃት ስንጥቅ አለች።»
ከፈተች።

አምፖሏን ባትሪው ላይ አስጠጋች፦ በራ።
ቦቢናው ራስ ላይ፦ በራ።
ፑንቲናው ላይ፣ ከድር ሞተሪኖውን ሲመታ፣
ጠቀሰን፤ ብልጭ ጥፍት፣ ሳያመነታ።
ዋናውን ገመድ ነቅላ፣ ከብረቱ በጣት ርቀት ይዛ «ምታ!» አለች፤
ሰማያዊ፣ ወፍራም ብልጭታ፣ ጧ! ብላ ዘለለች።
«ይሄ ደህና ነው።» ወደ ቦታው መለሰችው። «ምታ!»
እሪታ። ካንዴላ ፈታች፤ በቤንዚን ርሳ፣ እሳት ሳታይ አምሽታ።
«እሳቱ ከቢሮ ወጥቷል፤ ቤት ግን አልገባም።
እንደ ባሌ ደሞዝ…» አለችና፣ ቀሪውን ዋጠችው፣
አምፖሏን በቱታዋ ጠረገችው።

ይሄኔ መብራት ሄደ፤ ከጊዮርጊስ እስከ ድልድዩ፣ ባንድ ጊዜ።
ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ከጸጉር ቤት ብቅ አለ፣ በትካዜ።
ባለሱቁ ሻማ ለኮሰ። ካንዴላ ማለትም ሻማ ነው አሉ በጣልያን፤
የኛ አራት ሻማ ግን አንዱም አልበራልን።
የስልኬን ባትሪ አበራሁ። «አጥፋው!» ብላ ጮኸች፣
እጄን በጨለማ ያዘች።
«ፓርኪንጉንም። ከድር፣ ምታ!» አጎነበስን፣ ራስ ለራስ ገጥመን፣
እና አየን።

ከዋናው ገመድ ጎን፣ ብረቱን ታኮ ከሚያልፍበት፣
ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፣ ርጥበት ወዝቶባት፤
ከሷ ውስጥ ወይን ጠጅ ክር ትር ትር እያለች ትወጣለች፣
ገመዱን ከሞተሩ ጋር ትጠቅማለች።
ምን ላድርግ፤ ሁለት ወር የደማሁባት ጠላቴ፣ ታምራለች።

«ማሳ እየበላት ነው» አለች።
እኔ የማውቀው ማሳ የአባቴ የገብስ መሬት ነበር፣
እህሉ ጎተራ ሳይገባ፣ እዚያው በበረዶ የሚቀር።
«ነቅለህ ስታየው ደህና ነው፤ ከብረቱ ይርቃላ፤
ስትመልሰው ይተኛበታል፣ ማሳውም ይበላ።
ሦስቱ ነቅለው ነው ያዩት፤ እሱም በጠራራ፤
ይቺ ደግሞ የምትታየው መብራት ኃይል ሲራራ።»

ገመዱን በእጅጌዋ አደረቀች፤ ከኪሷ የካላማዳሪያ ቁራጭ ሳበች፣
ሁለቴ ጠመጠመች፤ ከብረቱ አርቃ በሲባጎ አሰረች።
«ለዛሬ ነው። ነገ ገመዱን ብቻ ቀይር።»
ከድር መታ፤ ያዘች፤ የታፈነ ቤንዚኗን ተኮሰችው፤ ውሻ ሁሉ ይጮህ ጀመር።

መብራቱ መጣ። ልጆች ጮኹ። ግማሽ ተላጩም ገባ ወደ ጸጉር ቤት።
ሽታዬ ብቻ የመንገዱን አምፖል ሽቅብ አየችው፣ ሥራ እንዳቋረጠባት።
«አሮጌዋ ቦቢናስ?» ብዬ ጠየቅኳት፣ ከፍዬ ስንለያይ፤
«ደህና ነበረች» አለች፣ ወደኋላ ሳታይ።

ይኸው ክረምቱ ወጣ። ገመዱ አዲስ ነው። ዝናብም አልፈራ።
ግን ኩርባ በዞርኩ ቁጥር፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣
ከወንበሬ ሥር አንዲት ነገር ትንከባለላለች፤
አላወጣኋትም። ምን እላታለሁ። እንዲያው ነው የተነቀለች።